ዘውዱ የማን ነው?



ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ በአጎቴ ቤት ተሰብስበን የእንግሊዙን ንጉሥ የሣልሳዊ ቻርልስን የዘውድ በዓል በቴሌቪዥን እናያለን። ቡናው ቀርቧል፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። በለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ካባው፣ በትሩ፣ ቀለበቱ በየተራ ለንጉሡ ሲቀርብ፣ ከአቅራቢዎቹ አንዱ ሎርድ ሰይድ ካማል የሚባሉ የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበሩ። እኒህ ሰው ሙስሊም ናቸው፤ ያቀረቡትም የወርቅ አምባሮቹን ነው። የአጎቴ የልጅ ልጅ ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ «ሙስሊም እኮ ነው!» አለ በደስታ። አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «አቀረበ እንጂ አልደፋ» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ነገሩ ከሳቅ በላይ ሆኖብኝ ሰነበተ። ለመሆኑ «ሥልጣን የሕዝብ ነው» የሚል ዘመናዊ ዲሞክራሲ ንጉሥ ይዞ መቀጠል ይገባዋልን? የሀገር የመጨረሻው ክብር ለአንድ ቤተሰብና ለአንድ እምነት በዘር ተወስኖ፣ ሌላው ዜጋ በክብር ተጋብዞ አምባር ቢያቀርብ ይህ እኩልነት ነው ይባላልን?

«የእንግሊዝ ዘውድ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በመጀመሪያ ነገር ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የዚያ ሀገር ዜጎች ሆነው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደዋል። በሁለተኛ ደረጃ ይህ ጥያቄ አባቶቻችን በገዛ ሀገራቸው የኖሩት ጥያቄ ነው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ለዘውድ የሚቀርበውን ክርክር በሐቅ እንመልከተው። ዐድል ከማንስማማው ሰው ጋርም ቢሆን ግዴታችን ነውና። እንግሊዝ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ሆላንድ፣ ቤልጅግና ስፔን ነገሥታት አሏቸው፤ ሁሉም በምርጫ የሚተዳደሩ ሀገሮች ናቸው። የዘውድ ወዳጆች እንዲህ ይላሉ፦ ፓርቲዎች ሕዝብን ይከፋፍላሉ፣ ንጉሥ ግን የማንም ፓርቲ ስላልሆነ የሁሉም ምልክት ይሆናል፤ የሀገሪቱ ከፍተኛ ወንበር አስቀድሞ የተያዘ ስለሆነም ሥልጣን የጠማው ፖለቲከኛ ሊደርስበት አይችልም። ማስረጃም ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ናዚዎች ኖርዌይን በወረሩ ጊዜ ንጉሥ ሃኮን ሰባተኛ የጠላት መሣሪያ የሆነውን ክዊዝሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጌ ከምሾም ዘውዴን እለቃለሁ ብለው ለሚኒስትሮቻቸው አስታወቁ። በስፔንም እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1981 ወታደሮች ፓርላማውን በመሣሪያ በያዙ ጊዜ ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ለሕገ መንግሥቱ ቆሙ፤ መፈንቅለ መንግሥቱም ከሸፈ።

ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን የስፔኑ ታሪክ በዚህ አያበቃም። እኒያው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘውዱን ለልጃቸው ለቀቁ፤ በ2020 ደግሞ የገንዘብ ጉዳዮቻቸው በምርመራ ላይ ሳሉ ሀገራቸውን ትተው ወደ አቡ ዳቢ ሄዱ። ሰውየው አንድ ናቸው። በአንድ ቀን ጀግንነት የተመሰገነ ወንበር በሌላ ቀን ጥፋት ሲታማ፣ የወንበሩ መልካምነት በሥርዓቱ ሳይሆን በተቀመጠበት ሰው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያሳያል። የተመረጠ ሰው ሲያጠፋ ሕዝብ ያወርደዋል። የተወለደውን ግን ማን ያወርደዋል? ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ነው።

በሌላ በኩል የዘውድ ተቃዋሚዎች የሚያቀርቧቸው ክርክሮች ሁሉ ጠንካሮች አይደሉም። አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለንጉሣዊው ቤት የሰጠው ድጎማ ከ2021 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ 86.3 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ የጥበቃውን ወጪ ሳይጨምር ማለት ነው። ሲያዩት ብዙ ነው፤ ለሕዝቡ ቢካፈል ግን ለአንድ ሰው ከአንድ ፓውንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ፕሬዚዳንትም ቢሆን በነፃ አይኖርም። ሁለተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ በስሙ ብዙ ሥልጣን አለው፤ በተግባር ግን ሚኒስትሮቹ የመከሩትን ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማው ለሳምንታት እንዲዘጋ ሲጠይቁ ንግሥት ኤልሳቤጥ ፈቀዱ። ያንን ውሳኔ ሕገ ወጥ ብሎ የሻረው ዘውዱ አልነበረም፤ መስከረም 24 ቀን በአንድ ድምፅ የፈረዱት 11 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው። እንግዲህ ዘውዱ እንደሚፈራው ጨቋኝ አይደለም፤ እንደሚባለውም የዲሞክራሲ ዘብ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ችግሩ ዘውዱ በሚያወጣው ገንዘብ ወይም በሚፈርመው ወረቀት ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ዜጋ «አንተ በዚህ ቤት ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1701 የወጣው የእንግሊዝ የዘውድ ሕግ ካቶሊክ የሆነ ሰው እንዳይነግሥ ይከለክላል፤ የሚነግሠውም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት የተባበረ መሆን አለበት ይላል። በ2013 በወጣው ሕግ የበኩር ሴት ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ኋላ እንድትሰለፍ የሚያደርገው ልማድ ቀረ፤ ካቶሊክ ያገባም መንገሥ ተፈቀደለት። ካቶሊክ የሆነ ግን እስከ ዛሬ አይነግሥም፤ ሙስሊምም፣ አይሁድም፣ ሂንዱም እንዲሁ። በዚያ በዓል ቀን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡት ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ሂንዱ ነበሩ። የሂንዱ እምነት ተከታይ መንግሥቱን ሊመራ ይችላል፤ ንጉሡ ግን ሂንዱ መሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ በእንግላንድና በዌልስ ክርስቲያን ነኝ ያለው ከመቶ 46 ያህሉ ብቻ ነው፤ ሙስሊሙ 3.9 ሚሊዮን ደርሷል። ንጉሡ ግን የማለው የፕሮቴስታንትን ሃይማኖት ሊጠብቅ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቀ ጳጳስ ከመሐላው በፊት የሁሉም እምነት ሰዎች በነፃነት የሚኖሩበትን ሁኔታ እንደሚያበረታቱ ተናግረዋል። ቃሉ መልካም ነው። ሆኖም በነፃነት «እንድትኖር መፈቀድ» እና የቤቱ ባለቤት መሆን አንድ አይደሉም። ለእንግዳም ይፈቀድለታልና።

አጎቴ ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ማንም ሃይማኖቱን በሥርዓቱ መፈጸሙን አይከለክልም ነበር፤ ነገር ግን ዘውዱ በአንድ የዘር ሐረግ እንዲተላለፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። «ሃይማኖት የግል ነው፤ ሀገር የጋራ ነው» የሚለው ዝነኛ አባባል የሚነገረው በኚያው ንጉሠ ነገሥት ስም ነው። የሀገሪቱ ቁንጮ የአንድ ሃይማኖት ከሆነ ግን ሀገር የጋራ የሚሆነው እስከ ምን ድረስ ነው? በዚያ ዘመን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር። በሀገሩ ተወልዶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ዘምቶ፣ ሞቶ፣ ተቀብሮ «የሚኖር» ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የጎረፈው ሕዝብ የጠየቀው ከብዙው ጥያቄ መካከል ይህ ስም እንዲስተካከል ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን ሲል። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረውት ተሰልፈው ነበር። አጎቴ ያን ቀን ጫማቸው ተበጥሶ በባዶ እግራቸው ወደ ቤት እንደተመለሱ ሲያወሩ እስከ ዛሬ ፈገግ ይላሉ።

እንዲህ ከሆነ አጎቴ የዘውድ ጠላት ናቸው ብዬ ነበር የምገምተው። «ታዲያ አጎቴ፣ ዘውድ ይቅር ነው የሚሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አስደነገጠኝ። «ልጄ፣ ንጉሡን ያወረዱት ምን ሰጡን? በዓላችንን በካላንደር አስገቡልን፤ አልሐምዱ ሊላህ። ወዲያው ደግሞ ልጆቻችንን በየመንገዱ ገደሉ። ዘውድ ስለወረደ ፍትሕ አይወጣም» አሉኝ።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ ሀገሪቱ ከዘር ውርስ ተላቀቀች፤ ከግፍ ግን አልተላቀቀችም። በዓለም ላይ ሪፐብሊክ ተብለው ሥልጣንን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሶርያ ከሐፊዝ አል-አሰድ ወደ በሽር የተላለፈችው ያለ ዘውድ ነው። ስለዚህ ዘውድን ማውረድ በራሱ ፍትሕ ነው የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ስንናገር ወደ ራሳችንም መመልከት አለብን። ኢስላም ንጉሥ የሚለውን ስም አይጠላም፤ ዳውድና ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ነቢያትም ነገሥታትም ነበሩ። ነገር ግን ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) አላህ የሰዎች መሪ ባደረጋቸው ጊዜ ይህ ለዘሮቼም ይሁን ብለው ሲለምኑ፣ የአላህ ቃል ኪዳን ለበደለኞች እንደማይደርስ ተነገራቸው። ከኢብራሂም የከበረ ዘር ማን አለው? ለእርሳቸው እንኳ ዘር ብቻውን ዋስትና አልሆነም። ዑመር (ረ.ዐ.) በሞት አፋፍ ላይ ሆነው መሪ የሚመርጡ ስድስት ሰዎችን ሲሰይሙ ልጃቸው ዐብዱላህ በምክሩ እንዲገኝ፣ ከሥልጣኑ ግን ድርሻ እንዳይኖረው አደረጉ። ልጅየው ጨዋና ዐዋቂ ነበር፤ የቀረው ጉድለት ስላለበት ሳይሆን ወንበሩ የቤተሰብ ንብረት እንዳይመስል ነው። በኋላ ሙዓውያ ልጃቸውን የዚድን ወራሽ ሲያደርጉ ነገሩ ተለወጠ፤ ምን እንዳስከተለም ታሪካችን ያውቀዋል።

ዛሬስ? የዮርዳኖስ ሕገ መንግሥት ንጉሡ ሙስሊም፣ ከሙስሊም ወላጆች የተወለደ እንዲሆን ያዛል። በማሌዥያ ዘጠኝ ሱልጣኖችና ገዢዎች በየአምስት ዓመቱ ከመካከላቸው አንዱን ያነግሣሉ፤ ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው፤ ከሕዝቡ ደግሞ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ሙስሊም አይደለም። የለንደኑ ሙስሊም በዘውዱ ፊት እንግዳ መሆኑ ካሳዘነኝ፣ የአማኑ ክርስቲያንና የኳላ ላምፑሩ ቡድሂስት ሲቸግረው «ያ ሌላ ነው» ልል አልችልም። እኛ ስንበደል የምንጠቀምበት ሚዛን ሌላው ሲበደል የሚሰወር ከሆነ ሚዛን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ድምዳሜዬ ልምጣ። ዘመናዊ ዲሞክራሲ ንጉሥ ይዞ ቢቀጥል ሁለት ነገር ማሟላት አለበት እላለሁ። አንደኛ፣ ሕዝቡ ተጠይቆ እሺ ያለበት፣ ሲጠየቅም እምቢ ሊልበት የሚችል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1905 ኖርዌጂያኖች ከስዊድን ሲለዩ ዘውዱ የቀረበላቸው የዴንማርክ ልዑል ሕዝቡ ካልተጠየቀ አልቀበልም አሉ። ከመቶ 79 ያህሉ ድጋፉን ሰጠ፤ ሴቶች ገና የመምረጥ መብት ስላልነበራቸው ሕዝቡ ሁሉ ተጠየቀ ማለት ባይቻልም መንገዱ ትክክል ነበር። አውስትራሊያውያንም በ1999 ተጠይቀው ከመቶ 55 ያህሉ ሪፐብሊኩን ሳይቀበል ቀረ። ግሪኮች ደግሞ በ1974 ተጠይቀው ዘውዱን ሻሩ። የእንግሊዝ ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ድምፅ ስጥ ተብሎ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ዘውዱ የአንድ እምነት መሆኑ መቅረት አለበት። ይህ ለሌላው ዜጋ ብቻ ሳይሆን ለወራሹም ፍትሕ ነው፤ ዛሬ በዚያ ቤተ መንግሥት የሚያድግ ሕፃን ነገ ሕሊናው ወደ ሌላ እምነት ቢመራው ከእምነቱና ከውርሱ አንዱን ይመርጣል። ለተራ ዜጋ የተፈቀደ የሕሊና ነፃነት ለንጉሥ ተከለከለ ማለት ነው።

እነዚህን ሁለቱን የሚሸከም ዘውድ ካለ ይቆይ፤ የሕዝብ ፈቃድ ያቆመው ነውና ወንበሩ በዘር ቢተላለፍም ባለቤቱ ሕዝብ ነው። መጠየቅ የሚፈራ፣ ከአንድ ሃይማኖት ሲለይ የሚፈርስ ዘውድ ከሆነ ግን ድሮም የሕዝብ አልነበረምና በሰላምና በሕግ ቢሰናበት ይሻላል። የአጎቴን ማስጠንቀቂያም አልረሳም። ከተሰናበተ በኋላ የሚመጣው በሕግ የታሰረ ካልሆነ ባዶው ወንበር ከንጉሡ የባሰ ሰው ይስባል።

ያን ቀን ልንለያይ ስንል ያ ትንሽ ልጅ «አባባ፣ ቆይ ዘውዱ የማን ነው?» ብሎ አጎቴን ጠየቃቸው። አጎቴ ትንሽ ዝም ብለው «የንጉሡ ነው ይላሉ፤ ሰዎቹን ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም» አሉት።

አላህ በራሳችንም ላይ ቢሆን በሐቅ ከሚመሰክሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።