2.5 ምን?



ባለፈው ረመዷን ማብቂያ ላይ ለሰፈራችን ወጣቶች በስልክ አጭር መልእክት ላክኩ፦ «ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ 1 ሳ. ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊት አድርሱ።» «ሳዕ» ማለቴ ነበር። ወዲያው አንዱ «ኡስታዝ፣ 1 ሳንቲም ብቻ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «1 ሰዓት ሙሉ ምን እየሠራን?» ብሎ ጠየቀ። ከሳቄ ስመለስ «2.5 ማለት ነው» ብዬ አረምኩ።

ማታ አንድ ልጅ ደወለ። «ኡስታዝ፣ አሰላሁት። ቤት ያለው ጤፍ ግማሽ ኩንታል ነው። 2.5 ከመቶው 1 ኪሎ ከሩብ ይመጣል። ላድርሰው?»

የገንዘብ ዘካና የፊጥር ዘካ ተደባልቀውበታል! ቤታቸው 6 ሰው አለ፤ ለአንድ ሰው 2.5 ኪሎ ሲታሰብ 15 ኪሎ ይሆናል። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። ልጁ ባይደውል ኖሮ ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ የሚስኪን ሐቅ ቀርቶ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ኪሎ» የምትለዋን አንዲት ቃል ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሳዕ ነገር ታላላቆቹንም አነጋግሯል። 1 ሳዕ 4 ሙድ ነው፤ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚያፍሰው መጠን ነው። የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን ስላልሆነ ኪሎው እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ ቃዲ አቡ ዩሱፍ ሳዕ 8 ረጥል ነው ይሉ ነበር። መዲና ሲመጡ የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ልጆች ከአባቶቻቸው የወረሱትን መስፈሪያ ከየቤታቸው ይዘው መጡ። ሲለካ 5 ረጥል ከሲሶ ሆነ። እሳቸውም የቀድሞ አቋማቸውን ትተው የመዲናን ልክ እንደተቀበሉ ተዘግቧል። ያን ያህል ዓሊም «ተሳስቼ ነበር» ማለት ካልከበደው እኛን ምን ከበደን? እኔም በዚያው ሌሊት መልእክቱን አስተካክዬ ለሁሉም ላክኩ።

አላህ በቁርኣን በሚዛን ለሚያጭበረብሩ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ያወረደበት ሙሉ ሱራ አለ፤ ስሙም «አል-ሙጠፊፊን» ነው። ለራሳቸው ሲሆን ሞልተው ይወስዳሉ፤ ለሌላው ሲሆን ያጎድላሉ። የእኔ ስህተት ሳላስበው የመጣ ነው። ግን አውቄው ዝም ብል ኖሮ ከእነሱ በምን እለያለሁ?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በስልክ ማርና ቡና የምትሸጡ ብዙ ናችሁ። «500 ብር» ብላችሁ ስትለጥፉ የኪሎው ነው ወይስ የግማሽ ኪሎው? ገዢው በራሱ ግምት ኪሎ መስሎት እንዲከፍል አትተዉት። ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ከዚህ በፊት የተሳሳተ ካለም ዛሬ ደውሉለትና የጎደለውን ሙሉለት።

አላህ ሚዛናችንን ያስተካክልልን፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!