ሁለት መጠበቅ

መጠበቅ የሚለው ቃላችን ሁለት ፍቺ አለው። እንግዳ ይመጣል ብሎ ደጅ ደጁን የሚያይ ሰው ይጠብቃል፤ ከብቱ እንዳይጠፋበት ከኋላ ከኋላው የሚከተል እረኛም ይጠብቃል። አንደኛው ጊዜው እስኪደርስ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ዓይኑን አይነቅልም። ለዶክትሬት ዲግሪ የሚደክም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገባው እነዚህን ሁለቱን ይመስለኛል።

ልዩነቱን ለማየት መንዝን ማሰብ ይበቃል። በመንዝ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር ይገኛል። በሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የአቅኚዎቹ ዘሮች፣ የአጽመ ርስቱ ባለቤቶች፣ ይህን ምድር ዘግተው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሳይታጨድ ያቆዩት ነበር። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ከዚያ በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣል።

ልብ እንበል፤ ሣሩ የተዘጋው ተረስቶ አይደለም። አለቃ ተመርጦለት፣ ጠባቂ ቆሞለት፣ በየጊዜው እየታየ ነው ያደገው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ነበር፤ ለጓሳ ግን ጠባቂ ማጣት ሆነ። ሣሩ ያው ሣር፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው፤ የታጣው የሚያየው ዓይን ነበር። ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሟል። ዶክተር ዘላለም ተፈራ ይህን የጋራ አጠባበቅና በዚያ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዛሬ በተለያዩ ክልሎች የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሆኖም አማካሪው ተማሪውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «ሥራው እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ተማሪውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየሄደ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሰላምታ እንጂ ሒሳብ አይደለም። ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ። እንዲህ እየተከባበሩ ሦስት ዓመት ያልፋል።

«ዕውቀት በቀን መቁጠሪያ አይለካም» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ጓሳም የሚከፈተው ሣሩ ታይቶ እንጂ ዓመት ተቆጥሮ ብቻ አልነበረም። ቀኑ ደረሰ ተብሎ ጥሬውን የሚያጭድ፣ ያልጠየቀውን ገበሬ እንደ ጠየቀ አድርጎ መጠይቅ የሚሞላ ተማሪ፣ ከዘገየው ይልቅ የከፋ በደል ይሠራል። ግን ይህ እውነት ለሰነፍ መጠለያ ሊሆን አይገባም። ሣሩን አይቶ «ገና ነው» ማለትና ሳያዩ «ገና ነው» ማለት አንድ አይደሉም።

ነገሩን የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያደርገው፣ የተማሪው ጊዜ የእርሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። እርሻውን አቁሞ ለጥያቄው መልስ የሰጠው ገበሬ አለ። ደመወዝ ሲቀንስ የቻለች ባለቤት፣ አባታቸውን በመጻሕፍት ክምር አሻግረው የሚያዩ ልጆች አሉ። የእርሱን መመለስ የሚጠብቅ የትምህርት ክፍል አለ። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ፍቺ እየጠበቁ ነው፤ ስለዚህ እርሱ በሁለተኛው ፍቺ የመጠበቅ ዕዳ አለበት።

ዕዳው የሚከፈለው በትንሽ ነገር ነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ ለሦስት ጥያቄዎች መመለስ ይበቃል፦ ባለፈው ወር የማላውቀው፣ ዛሬ ግን የማውቀው ምንድን ነው? የትኛው ገጽ ላይ ጻፍኩት? ያቀድኩትና ያልሠራሁትስ የትኛው ነው? ወረቀቱ ለአማካሪው ይሰጥ፤ አማካሪውም ያንብበው። ባዶ ወር ካለ ባዶ ተብሎ ይጻፍ። በጊዜ የታወቀ ባዶ ወር ዕቅድን ያስተካክላል፤ የተሸሸገ ባዶ ወር ግን ሌሎች ወሮችን ይጠራል።

መጠየቅን እንደ መናቅ የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ግን ጠባቂ የሚቆምለት ዋጋ ላለው ነገር ነው፤ ጠያቂ ያጣ ሥራም ለማንም እንደማይፈለግ ሥራ ይሆናል።