አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

ልጆቼ፣ በ1964 ዓ.ም. ክረምት መርካቶ ውስጥ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሒሳብ ያዥ ነበርሁ። የነጋዴው ሀብት መደርደሪያው ላይ የተከመረው ጣቃ አልነበረም፤ የዱቤ መዝገቡ ነበር። ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከነቀምት የሚመጡ ቸርቻሪዎች ጨርቁን ጭነው ሲሄዱ ስማቸውና ዕዳቸው እኔ ዘንድ በቀለም ተጽፎ ይቀራል። በሐምሌ አንድ ሌሊት የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማር ለቆ ኖሮ ዝናቡ እንደ ተላከ ሰው ቀጥ ብሎ መዝገቡ ላይ ወረደ። ጠዋት ስከፍተው ገጾቹ ሳይበርድ እንደ ተደራረበ እንጀራ ተጣብቀዋል፤ ጽሕፈቱ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ነጋዴው አልጮኸም። ጣቃ ላይ ቁጭ አለና «ስንት ገጽ ይነበባል?» አለኝ። በከሰል ምድጃ ዙሪያ ዘርግተን ስናደርቅ ሰነበትን። ከባለዕዳዎቹ ገሚሱ ራሱ መጥቶ «ይህን ያህል አለብኝ» አለ፤ ገሚሱ ግን የዝናቡን ወሬ ሰምቶ መርካቶ በሌላ በኩል መግባት ጀመረ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ የአንድ ሌሊት ዕድሜ እንዳለው ያን ጊዜ ተማርሁ፤ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩን ሲያዳርስ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች እየተሻገሩ መሸሸጋቸው ይነገራል። ገበሬውም እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም፤ ከፊሉን ጉድጓድ ይቀብረዋል። የረሳነው እኛ ተማርን ያልነው ነን።

ረሳን ስል ራሴን ጨምሬ ነው። በ1996 ዓ.ም. የአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሒሳቡን ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር፣ ፒችትሪ ወደሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ያዞርነው እኛው ነበርን፤ ጀግንነት መስሎን። የመርካቶው ዝናብ ከልቤ ስላልወጣ ዓርብ ዓርብ ሁሉንም ሲዲ ላይ እገለብጣለሁ። ሲዲዎቹን በካርቶን አድርጌ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር አኖራቸዋለሁ። አንድ ሰኞ ስንገባ መስኮቱ ተሰብሯል፤ ኮምፒውተሩ የለም፤ ካርቶኑም የለም። ሌባው ሲዲ አልፈለገም፤ ኮምፒውተሩን የሚሸከምበት ካርቶን ነው የፈለገው። ሁለት ወር ሙሉ ከደረሰኝ ጥራዝ እያየን እንደገና ጻፍነው። ከዋናው ጎን የተኛ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ ስሕተት የእኔ ቢጤ የድሮ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ መጠባበቂያቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ።

አሁን እናንተ ክላውድ ወደምትሉት ነገር ልምጣ። ስሙ ደመና ነው፤ ነገሩ ግን ምድር ላይ ነው። አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተር፣ ቀን ከሌሊት የሚቀዘቅዝ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚነሣለት፣ በር ላይ ዘበኛ ያለው፣ ከእናንተ ጋር በቀጭን የመስታወት ገመድ የተገናኘ የሌላ ሰው ቤት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020 ደቡብ አፍሪካ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ከፍተዋል፤ አዲስ አበባም አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የሚከራዩ የዳታ ማዕከሎች አሉ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን አባባል ሽማግሌዎች ሲናገሩት አደራ እንዳይበላ ለማስጠንቀቅ ነበር። እኔ ግን በስተርጅና ሌላ ትርጉም ጨምሬበታለሁ፦ ንብረታችሁ ደመና ላይ ሲወጣ ስሙ ይለወጣል፤ አደራ ይሆናል።

ጥቅሙን ለመረዳት የልጅነቴን ወፍጮ ቤት አስቡልኝ። እናቴ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሰፈራችን ሲመጣ ለቤቱ ሞተር የገዛ ሰው አላየሁም። ሁሉም እህሉን በአህያ ጭኖ ይሄዳል፤ ለተፈጨለት ልክ ይከፍላል፤ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል። ሞተሩ ቢነክስ የሚጨነቀው ባለወፍጮው ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ማከማቻና ኮምፒውተር በኪራይ ማቅረብ ሲጀምር ለዓለም የከፈተው ይህንኑ ወፍጮ ቤት ነው። እኛ ግን ያን ጊዜም ሞተር እየገዛን ነበር። አንድ ሥራ አስኪያጃችን ትልቅ ሰርቨር አዘዘ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ስድስት ወር፣ ጉምሩኩ ሁለት ወር ፈጀ። ሲመጣ ክፍል ተሠራለት፣ አየር ማቀዝቀዣ ገባለት፣ ጄኔሬተር ተገዛለት፣ የሚጠብቀው ባለሙያ ተቀጠረለት። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰነፍ በሬ ቆሞ ይበላል፤ ሐምሌ ላይ ዓመታዊ ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ ያጣጥራል። በአምስተኛው ዓመት አረጀና ዕቃ ቤት ገባ። ዛሬ ሥራ የሚጀምር ወጣት ይህን ሁሉ ሳይሸከም በወር በሚከፍለው ኪራይ ሲነሣ አያለሁና ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናለሁ።

ይሁን እንጂ የሒሳብ ሰው ነኝና ክፍያውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ሚዛኑን ያያል። ሥራ ጨርሳችሁ ያላጠፋችሁት የኪራይ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል። ሒሳቡ በዶላር ከሆነ ደግሞ ሁለት ሚዛን አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የወንድሜ ልጅ ትንሽ ድርጅት አለው፤ የሚጠቀምበት አንድም ሳይጨምር በብር የሚከፍለው እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቁጭ ብለን የማያስፈልገውን ስንለቅም ሲሶው የማንም ያልሆነ፣ አንድ ጊዜ ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ነበር።

ከሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ ግን የሰፈራችን እድር ነው። ጡረታ ስወጣ ጸሐፊ አደረጉኝ። መዝገቡ አንድ ደብተር ነበር፤ ገንዘብ ያዡ በብብቱ ይዞት ይዞራል፤ እሱ ለቅሶ ሲሄድ መዝገቡም ለቅሶ ይሄዳል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለው ክርክር በየወሩ ስብሰባውን ይበላል። የልጄ ልጅ ነገሩ ሰልችቷት ሁሉንም ጉግል ላይ በሠንጠረዥ አወጣችው፤ አምስቱም የኮሚቴ አባላት በየስልካቸው ያዩታል፤ የሚጽፍበት ግን ገንዘብ ያዡና እኔ ብቻ ነን። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ «አዩት እንዴ?» እየተባባሉ የሚደዋወሉት እነሱው ሆኑ።

አንድ እሑድ አንዲት አባል 1,200 ብር ከፍላ መዝገቡ 200 ብቻ ያሳያል። ደረሰኟን አወጣች። ዓይን ሁሉ ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረ፤ ሰውየው ላብ አጠመቀው። በእኛ ዘመን መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ክልክል ነበር፤ ስሕተት ከተሠራ በአንድ መስመር ተሰርዞ በጎኑ ይፈረምበታል፤ ተፍቆ የተጻፈ ቁጥር ያለ ፍርድ ያስጠረጥራል። የልጄ ልጅ የሠንጠረዡን የለውጥ ታሪክ ከፈተች። ማክሰኞ 1,200 ነው። ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ 200 ሆኗል። የቀየረው አካውንት የማን ነው? የእኔ። መነጽሬን ሳላደርግ ስመለከት ጣቴ አንዷን ቁጥር በልታት ኖሯል። ገንዘብ ያዡን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሃምሳ ዓመት ስርዝ ድልዝ ስከለክል ኖሬ በመጨረሻ የተያዝሁት በራሴ ሕግ ነው፤ የያዘኝም መዝገቡ ራሱ ነው። ንጹሕ ሰው ከሐሜት የሚድነው እንዲህ ባለ መዝገብ ነው፤ ይህን ጥቅም ሻጮቹ ሲያስተዋውቁ ሰምቼ አላውቅም።

የቤቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። ፎቶዎቿ ስልኬ ውስጥ ነበሩ። በዓመቱ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ስልኩን ከእጄ መንትፈውት ሮጡ። ለስልኩ አላዘንሁም፤ መንገድ ላይ ቆሜ ያለቀስሁት ለጥምቀቱ ፎቶ ነው፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ፀሐዩን በእጇ ከልላ የምትስቅበት። የልጄ ልጅ አዲስ ስልክ ላይ አድራሻዬንና የይለፍ ቃሌን ስታስገባ ፎቶዎቹ አንድ አንድ እያሉ መውረድ ጀመሩ። ለካ ቤት ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ስልኩ ሳይነግረኝ ሲልክ ኖሯል። ያን ቀን ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደወለች፤ እሷም የጋራውን አልበም ከፍታ ያንኑ ፎቶ እያየች ነበር። ሌባው ቶሎ እንዳይከፍተው ከርቀት ቆልፉልኝ ማለትንም የተማርሁት ያን ዕለት ነው፤ ይህም ይቻላል።

ነገር ግን ልጆቼ፣ ሰማይ ሩቅ የሚሆንበት ቀን አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ፣ ኢንተርኔት በአገሩ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። የወንድሜ ልጅ የደንበኞቹ ውልና ሒሳብ ሁሉ ክላውድ ላይ ነበር። ቢሮው ከፍቶ ሻይ ሲጠጣ ይውላል። እኔ ግን የእድሩን መዝገብ በየወሩ መጨረሻ አትሜ ፋይል አደርግ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን ያረፉትን የሁለት አባላት ቀብር ያለ ሐሳብ አስፈጸምን። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላሉ። ክላውድ ከቤት ውጭ ያለው ነው፤ ሌሎቹን አይተካም።

«ነፃ» የሚለውንም ቃል በጥርጣሬ ስሙት። ጉግል ፎቶ ላይ ያለገደብ በነፃ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 መግቢያ ላይ ቀርቷል፤ ዛሬ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ኪራይ ነው። ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ለኢሜይሉም የሚቆጠር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሱቅ ወይም ክሊኒክ ያላችሁ ደግሞ የደንበኞቻችሁ ስምና ምስጢር የእናንተ ገንዘብ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የተጻፈ ነው። የት እንደምታስቀምጡት፣ ማን እንደሚከፍተው ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

የመጨረሻው ነገር ቁልፉ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ የቤቱን ካርታ፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት፣ የአባቱን ደብዳቤዎች ሁሉ ስካን አድርጎ ክላውድ ላይ አውጥቶ ነበር። የይለፍ ቃሉን ለማንም አልነገረም። ባለፈው ዓመት በድንገት ሲሞት ልጆቹ አድራሻውን አወቁ፤ መግቢያውን ግን አላወቁም። የማረጋገጫው ቁጥር የሚላክበት ሲም ካርድ ሳይሠራበት ቆይቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ኖሯል። ጉግል ደግሞ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ሰውየው በቁሙ ሳለ «እኔ ዝም ካልሁ ለልጄ ይሰጥ» የሚል ቅንብር ሊሞላ ይችል ነበር፤ አገልግሎቱ አለ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ከቀብሩ መልስ ሞልቼዋለሁ።

ከዚያም አሮጌው ሣጥን ውስጥ፣ ከክርስትና ካርዴ አጠገብ፣ አንድ የታሸገ ፖስታ አስቀመጥሁ። ውስጡ የአካውንቴ አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉና መግቢያው ቢጠፋ የሚያስገቡት ቁጥሮች በእጄ ተጽፈው አሉ። ላዩ ላይ የልጄ ልጅ ስም አለ። የሣጥኑ ቁልፍ እሷ ጋ ነው።