የቆምን ሲመስለን

ባለፈው ሰሞን የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። መብራት ይዞናል። ድንገት ወደ ኋላ መንሸራተት የጀመርን መሰለኝና ብረቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ አይደለንም፤ የጎናችን አውቶቡስ ነው የሄደው» አለችኝ።

አፈርኩ። ነገሩ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ምስክሮች ነው። አንዱ ዓይን ነው። ሁለተኛው ከእግር መዳፍ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ወሬ ነው። ሦስተኛው የውስጥ ጆሮ ነው። እዚያ የራስን መዘንበልና ወደፊት ወደኋላ መሄድን የሚያሳብቁ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። መዞርን የሚለዩ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቦዮችም አሉ። ያን ዕለት ጠጠሮቹ «አልተንቀሳቀስንም» ብለውኝ ነበር። እኔ ያመንኩት ዓይኔን ነው።

ጆሮም ቢሆን ሙሉ ምስክር አይደለም። ራሳችን መዞር ሲጀምር የቦዮቹ ፈሳሽ ወደ ኋላ ይቀርና መዞራችንን እናውቃለን። በእኩል ፍጥነት መዞራችንን ከቀጠልን ግን ፈሳሹ ይደርስብናል። ዓይኑን ጨፍኖ ግማሽ ደቂቃ ያህል የተሽከረከረ ሰው የቆመ ይመስለዋል። እውነት ሲቆም ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚዞር ይመስለዋል። አብራሪዎች ደመና ውስጥ ሲገቡ ከገዛ ሰውነታቸው ይልቅ መሣሪያውን እንዲያምኑ የሚሠለጥኑት ለዚህ ነው። ጆሯችን የሚያውቀው ለውጡን እንጂ ጉዞውን አይደለም።

ኅሊናስ?

እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ ባልደረባዬ የዘመዱን ልጅ ውጤት «ትንሽ ከፍ አድርግለት» አለኝ። አደረግኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሁለተኛው ጊዜ ቅር ብቻ አለኝ። ከአምስተኛው በኋላ ምንም አልተሰማኝም። ሰላም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍጥነቱ እኩል ሆኖ ነው!

አንድ ቀን እምቢ አልኩ። ባልደረባዬ ፊቱን አዞረብኝ፤ ሌሎቹም «ምን ነካው?» አሉ። የሚገርመው፣ በዳይ የሆንኩ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አዞረኝ።

ታዲያ «ኅሊናዬ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? የቆመም ሰው፣ በእኩል ፍጥነት ቁልቁል የሚወርድም ሰው የሚሰማው ያው ጸጥታ ነው። ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ኅሊና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጅማሬ ታማኝ ምስክር ነው። የዚያችን የመጀመሪያ ሌሊት ምስክርነት መዝግቦ መያዝ የእኛ ፋንታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ይወዛወዛል። ግድግዳ በጣቱ ጫፍ ከነካ ግን ውዝዋዜው ይቀንሳል። ንክኪው ክብደት አይሸከምለትም፤ የት እንዳለ ብቻ ይነግረዋል።

እኔም እምቢ ያልኩት በጀግንነት አልነበረም። አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ የእኔ ወረቀት ከእሱ በምን አነሰ?» ብላ በትሕትና ስለጠየቀችኝ ነው። መልስ አልሰጠኋትም። የአውቶቡሷን ልጅ ከመውረዴ በፊት አመስግኛታለሁ፤ ያቺኛዋን ግን እስከ ዛሬ አላመሰገንኳትም።