ርኅራኄና ዕውቀት

እናቷ የሞተችባት ጨቅላ የድመት ልጅ ክብደቷ 100 ግራም ገደማ ነው። ዐይኗ አልተከፈተም፤ የገዛ ሰውነቷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፤ ከሆዷ በታች በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ካላሹላት ሽንቷ እንኳ አይወጣም። እንዲህ ያለችውን ያገኘ ሰው አንጀቱ ይላወስና ሮጦ የላም ወተት ያቀርብላታል። ወተቱ ግን ያስቀምጣታል፤ ተቅማጡም የሰውነቷን ውኃ አሟጦ ሊገድላት ይችላል። በርዷት ከሆነ ሳትሞቅ መመገብ ራሱ አደጋ ነው፤ ሆዷ አይፈጭም። እንደ ሰው ልጅ በጀርባዋ አንጋለው ቢያጠቧትማ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ታዲያ ልቡ ራርቶ ያልጠየቀ ሰው ምሕረት አድርጓል ይባላል? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። በመጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ያለው ስሜት ሲነገር በዕብራይስጡ የገባው ግስ «ማወቅ» ነው፤ ይህ ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«ፈጣሪ የሚያየው ልብን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባለማወቅ የሳተን አልኮንንም። የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ እየቻለ የተወ ግን ያስታገሠው የራሱን ጭንቀት እንጂ የእሷን ረሃብ አይደለም። «ሰው እየተራበ ለድመት?» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ረሃብን በዐይኑ ያየ አገር ሰው ሲናገረው ደግሞ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ይህች ፍጥረት የምትፈልገው ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ጥቂት ወተት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስና በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ የሚነሣ ሰው ነው። ከማንም ልጅ አፍ የሚነጠቅ እንጀራ የለም፤ የሚከፈለው በአብዛኛው የአንድ ሰው እንቅልፍ ነው።