ከመጠምጠም መማር ይቅደም

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ወሎ ውስጥ ሲነገር ሁለት ወገን ይነካል። ደሴ ላይ ቄሱም ይጠመጥማል፣ ሼኩም ይጠመጥማል፤ እናም ማንም ሰምቶ «ይኼ የነሱ ነው» ብሎ አያልፈውም። ትርጉሙ ሩቅ አይደለም። ነጭ ሻሽ ራስ ላይ መጠቅለል የማንም እጅ ይችለዋል፤ ጭንቁ የሚመጣው ሰው ተጠግቶ «ይቺን ቃል ይፍቱልኝ» ያለ ቀን ነው።

ዛሬ ጥምጣሙ የዩኒቨርሲቲ ስም ሆኗል። ምደባ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ «ልጅሽ የት ደረሳት?» ይላል፤ ምን እንደምትማር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጎንደር ከሆነ እልል ይባላል። «እዚሁ ወሎ» ከተባለ ግን «አብሽሪ፣ ከቤት አለመራቅም ደግ ነው» የምትል ማጽናኛ ትከተላለች። ማንም ለምርቃት ብሎ «አብሽሪ» አይልም፤ ልጅቷም ይገባታል። ፍሬሽማኗን ሳትጨርስ ዝውውር ማሰብ የምትጀምረው ከዚያች ቃል በኋላ ነው።

ተረቱን እዚህ ላይ መዝዞ «ስም አሳዳጅ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነበር። ችግሩ፣ ስም እየሰሙ ትምህርት ቤት መቀየር ጥምጣሙን ያከበሩት ሊቃውንት ራሳቸው የኖሩበት ወግ መሆኑ ነው። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ሲሻ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሲሻ ወደ ዙርአምባ፣ አቋቋም ሲሻ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ቅዳሴ የፈለገ ወደ ሰለልኩላ ይመጣል፤ እሷ እዚሁ ወሎ ናት። ድጓን የትም ይማረው የት፣ ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። በእስልምናውም በኩል የወሎ ደረሳ ነሕው ከአንዱ ሼክ፣ ፊቅህ ከሌላው ሊቀራ አገር ለአገር ይዞራል። እንደ ዳና፣ ገታና ጀማ ንጉሥ ያሉ የትምህርት ማዕከላት ስም የተሰማው በሼኮቻቸው ነው። ቀርቶ ሲጨርስ የሚሰጠው የማስተማር ፈቃድ፣ ኢጃዛውም፣ የመምህሩን፣ ከዚያ የመምህሩን መምህር ስም እየጠራ ወደ ኋላ ይዘልቃል።

እነዚህን ማን «ለጥምጣም ብለው ነው» አላቸው? ስም ሰምተው መሄዳቸውስ እውነት ነው። ነገር ግን የሰሙት ስም የአንድ ሙያ ስም ነበር። ቤተልሔም በድጓ ስለከበረ ቅኔ ፈላጊ አይጎርፍበትም፤ ዋሸራ በቅኔ ስለገነነ የዝማሬ ማስመስከሪያ ሁንልን አልተባለም። የኛ ዘመን ስም ጅምላ ነው። «ትልቅ ዩኒቨርሲቲ» ከተባለ ሕክምናውም፣ ሒሳቡም፣ ጨርቃ ጨርቁም አብሮ ትልቅ ይሆናል። የተከበረ ኮሌጅ ፍለጋ የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ጨርቃ ጨርቅ ካልኩ አይቀር ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ያስተምራል። በዚሁ ሙያ በአገሪቱ ስሙ የገነነው ባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ ከመጀመሪያዎቹ ሙያዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዘርፉ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነውና በዕድሜ ልጁ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ «ባሕር ዳር ልዛወር» ቢል ተረቱ ሊከለክለው አይችልም፤ የሚሄደው እንደ ድጓው ተማሪ በሙያው የከበረ ቤት ፍለጋ ነው። በአንጻሩ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ፈትሉንና ሽመናውን በእግር ወይም በባጃጅ ደርሶ ማየት የሚችል ተማሪ ያን ትቶ ሲሄድ ምን እንደሚተው ያስላ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ቅርበቱ ምን ይረባዋል።

ተረቱ የሚያነክስበትም ቦታ አለ። «መማር ይቅደም» ሲል መማሪያው የትም አንድ ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ ኮምፒውተሩና የላቦራቶሪ ዕቃው ተወስዷል፣ የቀረው ተሰባብሯል። ያኔ የነበረ ተማሪ ማይክሮስኮፕ ያለበት ቤት ቢመኝ ጥምጣም አማረው ማለት ግፍ ነው። ደግሞስ ቀጣሪ ማመልከቻ ሲያገላብጥ መጀመሪያ የሚያየው የትኛውን ነው? የተማሩበትን ቤት ስም ነው። ስም እንጀራ ያበላል፤ ይህን የሚክድ ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ብቻ ነው።

የስሙን ጉልበት በመጠኑ የቀነሰው የመውጫ ፈተናው ነው። ለሕግ ተማሪዎች ቀደም ብሎ ተጀምሮ፣ ሐምሌ 2015 ላይ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ደረሰ። በዚያ ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ግን ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው ያለፉት። ባለመስታወት ሕንፃ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት አራት ዓመት ከፍለው ለጋዋን ፎቶ ቀጠሮ የያዙ ብዙዎች ያን ቀን ደነገጡ። እኔ ፈተናውን የማየው የድሮው ማስመስከር ዘግይቶ እንደ ተመለሰ አድርጌ ነው። ጉድለት የለበትም አልልም፤ አንድ ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚመለስ ምርጫ የአንድን መሐንዲስ እጅ አይለካም። ቢሆንም ከጅምላው ስም ይልቅ የዲፓርትመንቱን ውጤት መጠየቅ የሚቻልበት ዘመን ሆኗል።

ይህን ሁሉ መዝኖ እሄዳለሁ ላለ ሰው የሚቀረው የሬጅስትራር ነገር ነው፤ ብዙ ሕልም የሚሰናከለውም እዚያ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቤት እንደ መቀየር አይደለም። የሕመም ወይም የሌላ ከባድ ችግር ማስረጃ ይጠየቃል፣ ተቀባዩም ቦታ አለኝ ማለት አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ በዚያ በር ለመግባት የሚያስብ ከአንደኛ ዓመት መጀመርን አስቦ ይግባ። ዝውውሩ ተፈቅዶ እንኳ አዲሱ ቤት ኮርሱን አንድ በአንድ ያመሳክራል፤ ያልገጠመው ይደገማል። የዶርም ጓደኛ፣ የለመዱት መምህር፣ በወር አንዴ ከቤት የሚመጣ በሶ፣ ይኼ ሁሉ ከሒሳቡ ይገባል። ወላጅም «ዘንድሮ ትመረቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ» የሚልበት ዓመት ይመጣል።

ስለዚህ ልጅቷ በመጀመሪያ ልትሄድበት ባሰበችው ዲፓርትመንት ሦስተኛ ዓመት የሆነ ተማሪ ፈልጋ ትደውል፤ መምህሩ ክፍል ይገባ እንደሆነ፣ ላቦራቶሪው በሳምንት ስንቴ እንደሚከፈት ትጠይቀው። መልሱ ደስ ካሰኛት የትኞቹ ኮርሶቿ እንደሚያዙላት ተቀባዩ ሬጅስትራር በጽሑፍ ይስጣት። የዊዝድሮዋል ቅጽ የምትሞላው ያ ወረቀት እጇ ከገባ በኋላ ነው።