«ማን እዚያ ተዪው አለሽ?»
በተሰረቀ ሰው ላይ ስለምንፈርደው ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በመፃጉዕ ሳምንት ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ደብር ቅዳሴ አስቀድሰን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስንወጣ፣ ከቅጥሩ ውጪ ከቆሙት መኪኖች የአንዷ መስኮት ተሰብሮ መስታወቱ መሬት ላይ ተበትኗል። የወንድሟን መኪና ይዛ የመጣች አንዲት እኅታችን በሩን ከፍታ ከወንበሩ ሥር በእጇ ትዳብሳለች። ቦርሳዋ የለም። በቦርሳው ውስጥ 18,000 ብር ነበር። ገንዘቡም የእርሷ አይደለም፤ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ስለሆነች ጠዋት ሰብስባ፣ «ቅዳሴ አስቀድሼ ከዚያ ባንክ አስገባዋለሁ» ብላ ያስቀመጠችው ነው።

ሰው ወዲያው ከበባት። «ምነው እኅቴ፣ የሰው ገንዘብ መኪና ውስጥ ይተዋል?» አለ አንዱ። «ይህን ያህል ብር ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል እንዴ?» አለች ሌላዋ። «ዘመኑን አታውቂም?» ያለም ነበር። «ማን እዚያ ተዪው አለሽ?» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስል የቆየሁበት አፌ ገና ሳይዘጋ ይህን ተናገርኩ።

በዚህ መካከል አንዲት አረጋዊት እናት ሰዉን እየገፉ መጡ። የመስታወቱን ስባሪ ከወንበሩ ላይ በያዙት ወረቀት ጠርገው አስቀመጧትና ከጠርሙሳቸው ጸበል እየቀዱ ፊቷን አበሱላት። ከዚያም «ልጄ፣ እጅሽን አልቆረጠሽም?» አሏት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለ እርሷ የጠየቁ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ሁላችን የጠየቅነው ስለ ቦርሳው ነበር። ያች እኅት ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ሳምንታት በደብሩ አልታየችም። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ሰው ሲበደል ተበዳዩን መጠየቅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥንቃቄስ የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊነት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ራሴን መረመርኩ። «ማን እዚያ ተዪው አለሽ?» ያልኩት ለእርሷ አዝኜ ነው ወይ? እውነቱን ለመናገር አይደለም። የእኔም መኪና እዚያው አጠገብ ቆማ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ ከሆነ፣ እኔ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ይህ አይደርስብኝም ማለት ነው። ጥፋቱ የእርሷ ካልሆነ ግን ነገ ተራው የእኔ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እርሷን የወቀስኩት ፍርሃቴን ለማስታገሥ ነበር።

ይህን የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ደርሰውበታል። በ1966 እ.ኤ.አ. ሜልቪን ለርነር እና ካሮሊን ሲመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰዎች አንዲት ሴት ስትሳሳት በኤሌክትሪክ ስትቀጣ እንዲመለከቱ ተደረገ፤ በእርግጥ ሴቲቱ ታስመስል ነበር እንጂ አልተነካችም። ከተመልካቾቹ መካከል ሥቃይዋን ለማስቆም ምንም ማድረግ ያልቻሉት ቀስ በቀስ እርሷን ራሷን ማናናቅና ማጥላላት ጀመሩ። ሊረዷት ዕድል የተሰጣቸው ግን አብዛኞቹ ሊረዷት ፈቀዱ፤ እንደ ሌሎቹም አላጥላሏትም። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። እጃችን ሥራ ሲፈታ አፋችን ይፈርዳል። እነዚያ እናት ያልወቀሱት እጃቸው መስታወት በመጥረግ ተይዞ ስለነበር ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጽሐፈ ኢዮብ ነግሮናል። ጻድቁ ኢዮብ የተዘረፈ ሰው እንደነበር ልብ ብለን እናውቃለን? በሬዎቹንና አህዮቹን የሳባ ሰዎች፣ ግመሎቹን ከለዳውያን ዘርፈው ወሰዱበት፤ ጠባቂዎቹንም ገደሉ (ኢዮ. 1፥14-17)። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን፣ አንድ ጥፋት ባይኖርብህ ይህ አይደርስብህም ወደማለት ሄዱ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው። ይቅርታ ያገኙትም የወቀሱት ኢዮብ ጸልዮላቸው ነው (ኢዮ. 42፥7-9)። ወቃሾቹ በተወቃሹ ጸሎት ዳኑ ማለት ነው!

ጌታችን እንዴት ጠየቀ?

ይህ ሳምንት የተሰየመው በዚያ 38 ዓመት በአልጋ ላይ በኖረው በሽተኛ ነው (ዮሐ. 5)። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊከራከረን ይችላል፤ «ጌታ እኮ መፃጉዕን ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ዳግመኛ አትበድል ብሎታል፤ ስለዚህ ጥፋትን መንገር ተገቢ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ብሎታል። ግን መቼ አለው? መጀመሪያ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ፈቃዱን ጠየቀው። ቀጥሎ አዳነው፣ አልጋውንም አሸከመው። ከዚያ በኋላ በመቅደስ ሲያገኘው ነው ያን ቃል የነገረው። የተናገረውም የሰውን ልብ የሚያውቀው አምላክ እንጂ በአደባባይ የተሰበሰበ ሰው አይደለም። ማዳኑ ቀደመ፣ ምክሩ ተከተለ።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ግን ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአት የሠራው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ ጥያቄውን ወደ ሰሚዎቹ መለሰው፤ እናንተስ ንስሐ ግቡ አላቸው (ሉቃ. 13፥4-5)። እንግዲህ ከውጪ የቆመ ሰው የሌላውን መከራ አይቶ ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም። ሊያውቅ የሚችለው የራሱን ኃጢአት ነው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙትንም ሰው እናስብ (ሉቃ. 10)። መንገዱ ቁልቁለትና ጭር ያለ ነው፤ ሰውየው በዚያ ሲያልፍ አብሮት የነበረ ሰው አልተጠቀሰም። ደጉ ሳምራዊ «ለምን ብቻህን ወጣህ? ማን በዚህ ሂድ አለህ?» ሊል ይችል ነበር። አላለም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ሁለት ዲናር ከፈለለት። አበው ይህን ሲተረጉሙ ያ መንገደኛ አዳም ነው፣ ሳምራዊውም ጌታችን ነው ይላሉ። አዳም እኮ የወረደው በገዛ ጥፋቱ ነው! እርሱን እንኳ ጌታ ቁስሉን ሳያስር ጥፋቱን እየቈጠረ መንገድ ላይ አልተወውም።

ታዲያ ጥንቃቄ አይነገርም ወይ?

ይነገራል እንጂ። ከመፃጉዕ ቀጥሎ በሚመጣው በደብረ ዘይት በሚነበበው ወንጌል ምዕራፍ ውስጥ ጌታ ራሱ፣ ባለቤት ሌባ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ቢያውቅ ነቅቶ ቤቱን በጠበቀ ነበር ይላል (ማቴ. 24፥43)። ሙሴም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል፤ ሰው እንዳይወድቅ (ዘዳ. 22፥8)። ነገር ግን ሁለቱም የተነገሩት አስቀድሞ ነው፤ ሌባው ሳይመጣ፣ ሰውም ሳይወድቅ። አስቀድሞ የተነገረ ጥንቃቄ ፍቅር ነው። ከሆነ በኋላ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት ሲነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ ለተጎዳው ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል። እኔ ያን ቀን ጠዋት መኪናዬን ሳቆም እኅቲቱን አይቻታለሁ። «እባክሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ግቢ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያኔ ዝም አልኩ፤ በኋላ ጮኽኩ።

ደግሞም ሦስት ጥያቄዎችን ለይተን ማየት አለብን። አንደኛው «በደሉ የማን ነው?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የሌባው። ሁለተኛው «ጉዳቱን ማን ይሸከም?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ነገ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ሦስቱን ስናደባልቅ ነው ተበዳዩን በዳይ የምናደርገው። ኦሪት እንኳ ለይታቸዋለች። ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ከቤቱ ቢሰረቅበት፣ ሌባው ከተገኘ ሌባው እጥፍ ይከፍላል፤ ካልተገኘ ባለ አደራው እጁን በባልንጀራው ገንዘብ ላይ እንዳልዘረጋ ይመረመራል። በአደራ የተሰጠው እንስሳ ቢሰረቅ ግን ለባለቤቱ ይተካል (ዘፀ. 22፥7-12)። አያችሁ፤ ሕጉ ባለ አደራውን ተካ ሊለው ይችላል፣ ሌባ ግን አይለውም። ቸልተኝነት ዕዳ ሊያመጣ ይችላል፤ የሌባውን ኃጢአት ግን ወደ ቸልተኛው አያሻግርም።

ሌባው የት ሄደ?

ያን ቀን አንድ ሰዓት ያህል ስናወራ ስለ ሌባው የተናገረ ሰው አልነበረም። ሌባ ላመሉ ነው ብለን እንደ ዝናብና እንደ ነፋስ ቈጠርነው። እርሱ ግን ዝናብ አይደለም፤ ነፍስ ያለው፣ የሚጠየቅ፣ ንስሐም ሊገባ የሚችል ሰው ነው። የሀገራችንም ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ሌብነትን ሲደነግግ፣ ባለንብረቱ ጠንቃቃ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። በአንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውንና የሚሸሽገውን ይቀጣል።

እዚህ ላይ ሁላችን ቆም እንበል። የተሰረቀ ስፖኪዮ፣ የተነቀለ ፍሬቻ፣ ካርቶንና ደረሰኝ የሌለው ሞባይል «ርካሽ ነው» ብለን አልገዛንም? ገዢ ባይኖር ማን መስታወት ይሰብራል? የተሰረቀችውን እኅት «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» ከማለታችን በፊት፣ ኪሳችን ውስጥ የሌላ ሰው ዕንባ እንዳለ እንመርምር። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ንስሐ ማለት ይህ ነው፤ መመለስም አለበት።

ይህ ነገር ከቦርሳ በላይ መሆኑንም አንዘንጋ። ዛሬ ለተሰበረ መስታወት «ማን እዚያ ተዪው አለሽ?» የለመደ አፍ፣ ነገ ለተደፈረች ልጅ «ምን ለብሳ ነበር? በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር?» ይላል። ይህን የፈራች ልጅ ለእናቷም ለንስሐ አባቷም ሳትናገር ቁስሏን ይዛ ትኖራለች፤ በዳይዋም በሰላም ይመላለሳል። ኦሪት በሜዳ ስለ ተያዘችው ብላቴና ምን አለች? በእርሷ ላይ ምንም እንዳይደረግባት፣ ነገሩም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ መሆኑን (ዘዳ. 22፥25-27)። የተገደለን ሰው «ለምን ሞትክ?» የሚል የለም።

እድሩ ምን ወሰነ?

ስለዚያች እኅት ልጨርስላችሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ለብዙ ቀን ለባለቤቷ እንኳ አልነገረችውም ነበር። ለምን ቢባል፣ የእኛኑ ጥያቄ ፈርታ ነው። እድሩ ሲሰበሰብ «ራሷ ደብቃው ይሆናል» ያለም አልጠፋም። እርሷ ግን ቆማ፣ «ገንዘቡን አልነካሁትም፤ ነገር ግን አደራው በእጄ ነበርና እከፍላለሁ» አለች። በዚህ ጊዜ አንዲት ትልቅ እናት፣ «እኛስ? ይህን ሁሉ ብር በአንዲት ሴት ቦርሳ አሸክመን የላክናት እኛ አይደለን?» አሉ። ጉባኤው ፀጥ አለ። በመጨረሻ ግማሹን 9,000 ብር እድሩ ከመጠባበቂያው እንዲሸፍን፣ ግማሹን እርሷ በየወሩ 500 ብር እየከፈለች በ18 ወር እንድትጨርስ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁለት ሆነው በቀጥታ ባንክ ይወስዳሉ። ገንዘብ ያዥነቷንም አልወሰዱባትም።

ኃላፊነት ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እርሷ የራሷን አነሣች፣ እድሩም የራሱን አነሣ። ማንም በማንም ላይ አልወረወረም። «ኃላፊነት» የሚለው ቃል ሰው ለራሱ ሲናገረው ያንጸዋል፤ በወደቀ ሰው ላይ ሲወረወር ግን ድንጋይ ነው።

ወገኖቼ፣ ከእህልና ከውኃ እንደምንጾም፣ በዚህ ጾም አንደበታችንም ይጹም። የተሰረቀ፣ የተደበደበ፣ የተታለለ ሰው ስናገኝ አስቀድመን «ተጎዳህ ወይ? ተጎዳሽ ወይ?» እንበል። የምንይዘው ነገር ካለ እንያዝ፤ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ፤ ለታክሲ ከሌለው እንስጠው። ምክር ካለን ቀን እንጠብቅለት፣ ለብቻውም እንንገረው። ሌባ ሳይመጣ በፊት ደግሞ እርስ በርስ እንጠባበቅ፤ የሰበካ ጉባኤውም መኪና የሚጠብቁትን ልጆች ደሞዝ እናስብ። ለሌባውም በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ ገነት ያገባ አምላክ ልብ ይስጠው ብለን እንጸልይ።

እኔም እኅቴን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ረስቼዋለሁ ወንድሜ» አለችኝ። እንዳልረሳችው ዓይኗ ይናገር ነበር። ይቅር ያለችኝ ግን ከልቧ ነው። በሚቀጥለው እሑድ በቅዳሴ አየኋት፤ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ከእነዚያ እናት አጠገብ ቆማ ነበር።

ቸሩ እግዚአብሔር አንደበታችንን ከፍርድ፣ እጃችንን ከስንፍና ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።